ክዳን ያዥ

ባለፈው ዓርብ የልጄን ኮሙኒኬሽን ቡክ ስገልጥ «ሰርቪስ ለርኒንግ ከነገ ጀምሮ» ይላል። ክው አልኩ። የሰርቪስ ክፍያ ከጨመረ ገና ወሩ ነው። አሁን ደግሞ መኪናው ውስጥም እናስተምራለን ብለው ሊያስከፍሉን ነው?

ደውዬ ጠየቅኩ። ለካ ልጆቹ ሰፈራቸውን እያገለገሉ የሚማሩበት ዘዴ ነው። የቆሎ ተማሪ ለየኔታ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም ስንት ዘመን ኖሯል፤ ሰርቪስ ለርኒንግ ላይ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

የሦስተኛ ክፍል ሥራ አንድ አረጋዊ መርዳት ነው። ፎቶና የተረጂው ፊርማ ይቅረብ ይላል። ከ10 ይታረማል።

የእኛ ብሎክ ያለችው አንድ አረጋዊ ብቻ ናት። እማማ፣ አራተኛ ፎቅ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ግን አምስት አለን። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃው ላይ ተሰለፍን። ከፊቴ ያለችው እናት «እኛ ማታውኑ አስይዘናል» አለች። እማማን እንደ ሠርግ አዳራሽ!

አምስቱም ቤተሰብ የመረጠው ውሃ ማመላለስ ነው። ለፎቶ ያምራላ። ታዲያ የስምንት ዓመት ልጅ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አራተኛ ፎቅ አያወጣም። ስለዚህ ጄሪካኑን አባት ተሸከመ፣ ክዳኑን ልጅ ያዘ፣ እናት ቀረጸች። በሩ ጋ ስንደርስ ጄሪካኑን አውርጄ ልጄን አጠገቡ አቆምኩት። «እንደደከመህ ሁን» አለችው እናቱ። ደክሞኝ የተቀመጥኩትን እኔን ማንም አላየኝም።

ደግሞ ቅዳሜ የውሃ ተራችን ነው። እማማ ገና በጠዋት በርሜላቸውን ሞልተዋል። የኛ ተራ ሲደርስ ድስት ሳይቀር ሞልቶ ነበር። ምን እናድርግ፣ አንድ ባልዲ አስደፋንና መልሰን ሞላነው። እሳቸው እንግዳ መጣ ብለው ቆሎና ሻይ ሲያቀርቡ፣ ብርጭቆ ሲያጥቡ ዋሉ።

ፊርማው ላይ ስንደርስ መነጽራቸውን ፈለጉ። «ፊደል የቆጠርኩት በ1971 መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው» አሉ። «ያስተማረችን ልጅ የሃይስኩል ተማሪ ነበረች። ማታ ማታ በፋኖስ። እሷን ደግሞ ማን ፎቶ አነሳት!» አምስት ወረቀት ላይ ፈረሙ፣ አምስቱንም ልጆች መርቀው ሸኙ።

ሰኞ ውጤት መጣ። 8 ከ10። ሁለቱ የተቀነሰው ፎቶው ጥግ ላይ የአባት ጫማ ስለታየ ነው። ባለቤቴ እስካሁን ታኮርፈኛለች።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ እማማን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ባዶ ጄሪካን አንጠልጥለው፣ ግድግዳ ይዘው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ።

«ውሃ ጠፋ እንዴ እማማ?»

«ማክሰኞ መቼ ኖሮ ያውቃል ልጄ?» አሉና ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቆም አሉ። «ይሄ የቤት ሥራችሁ ማክሰኞ ማክሰኞ አይሰጥም?»