የመታሰቢያ ፈንድ ገንዘብ ወዴት ይሂድ?

አውሮፓ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው ከ6 በታች የሚይዝ ካንሰር «እምብዛም የማይታይ» ይባላል። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነው። ዓይነታቸው ግን ወደ 200 ይጠጋል። ሲደመሩ እዚያ በየዓመቱ ካንሰር ከሚገኝባቸው ሰዎች ከአምስት አንዱን ይበልጣሉ። የመድኃኒት ኩባንያ ገዢው ጥቂት ለሆነ መድኃኒት ገንዘብ ማፍሰስ አይወድም። ስለዚህ ክፍተቱን ለመሙላት የሚነሱት ብዙ ጊዜ ልጃቸውን ወይም እህታቸውን የቀበሩ ቤተሰቦች ናቸው። በሟቹ ስም ፈንድ ያቋቁማሉ።

እነዚህን ሰዎች ከልቤ አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ያሳስበኛል። ብዙዎቹ ያላቸውን በሙሉ «መድኃኒቱን እናግኝ» ብለው ለአንድ ጥናት ይሰጣሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ለሟቹ የሚመጥን ትልቅ ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም። አንድ አዲስ መድኃኒት ታካሚ ጋ እስኪደርስ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ወጪውም የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም። ትንሽ ፈንድ ለውጥ የሚያመጣው ማንም ዞር ብሎ በማያየው ሥራ ላይ ነው።

ለምሳሌ ናሙና። በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕጢ እንደ ልማዱ ፎርማሊን የተባለ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። በሽታውን ለመለየት ይበቃል። ለብዙ የዘረመል ጥናት ግን ወዲያው ቀዝቅዞ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት። ለዚህ ደግሞ ታካሚው አስቀድሞ መፈረም አለበት። ዕቃው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ናሙናውን ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ተቀብሎ በፍጥነት የሚያደርስ ሰውም ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ዕድሉ አለቀ። የተለመደ ካንሰር ቢሆን ነገ ሌላ ናሙና ይመጣል። የዚህኛው ዓይነት ታካሚ ግን ያንን ሆስፒታል ዳግመኛ እስኪረግጥ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የዚያን ሰው ደመወዝ መክፈል ለፈንድ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ባይወጣም።

ዲአይፒጂ የተባለው፣ በልጆች አንጎል ግንድ ላይ የሚወጣው ካንሰር ለዚህ ምስክር ነው። ቦታው አስጊ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ናሙና እምብዛም አይወሰድለትም ነበር። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ከሞት በኋላ እንዲወሰድ ፈቀዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች የበሽታው መለያ የሆነውን የዘረመል ለውጥ ሲያገኙ ካጠኗቸው ናሙናዎች መካከል እንዲህ ያሉት ነበሩበት።

ሌላው አስታማሚ ነው። እምብዛም የማይታይ ካንሰር የሚያውቅ ሐኪም የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው። ታካሚው መጓዝ፣ ማደር፣ መመለስ፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና መሄድ አለበት። አብሮት የሚሄደው ሰው ከሥራ ይቀራል። ሕክምናው እንኳ በነጻ ቢሆን ትራንስፖርትና ማደሪያ ቤተሰቡን ያራቁታል። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ የሚቀር ሰው ካለ የትኛውም ምርምር አልደረሰለትም ማለት ነው።

ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን ሲያጣ 18 ዓመቱ ነበር። በ1980 ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ። በስሙ ዛሬም በየዓመቱ ሰዎች ይሮጣሉ። ገንዘቡን የሰበሰበው ለምርምር ነው። ያነሳሳው ግን ሕክምና ላይ ሳለ ያያቸው ሕሙማን፣ በተለይም የሕፃናቱ ስቃይ ነው። ምርምሩንና አልጋው ላይ ያለውን ሰው ለያይቶ ማየት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ፈንድ የምታቋቁሙ ቤተሰቦች፣ ከተሰበሰበው ላይ የተወሰነውን ገና ከመነሻው ለታካሚና ለአስታማሚ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሒሳቡንም በየዓመቱ ለለጋሾች በግልጽ አሳዩ። የእርዳታ ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይለፍ። መልሱም ከሐኪሙ ቀጠሮ በፊት ይድረስ።