ኤዱዊን «ባንዳ» ለምትሉ

ወገኖቼ፣ የጥንቷ ጋሊያ፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ፣ በተነሣች ቁጥር ኤዱዊ የሚባለውን የጋሊያ ነገድ ከሮም ጋር ወዳጅ ስለነበር «ባንዳ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ተዉ። ቃሉን ከአምስቱ ዓመት ወረራ አምጥታችሁ ሳትለኩ በሌላ ሕዝብ ላይ አትለጥፉ።

ጠቡ የኬላ ጠብ ነው። ኤዱዊ ዋና ከተማውን ቢብራክት ላይ አድርጎ በሎዋርና በሶን ወንዞች መካከል ይኖር ነበር፤ ከሶን ማዶ ሴኳኒ የሚባል ሌላ ነገድ አለ። በወንዙ የሚያልፈውን ቀረጥ ማን ይቀበል በሚል ተጣሉ። መጀመሪያ ከራይን ማዶ ጦር የጠራው ሴኳኒ ነው፣ ከአርቬርኒ ነገድ ጋር ሆኖ። ከተጠራው የጀርመኖች ንጉሥ ከአሪዮቪስቱስ ወገን መጀመሪያ የተሻገረው 15,000 ያህል ነበር፤ የሮም ጦር አዛዥ ቄሳር እንደሚለው በኋላ 120,000 ደረሰ። ኤዱዊ ተሸንፎ የመኳንንቱን ልጆች መያዣ ሰጠ፣ ሮምን ላይለምንም ማለ። ሴኳኒስ ምን አተረፈ? የመሬቱን ሲሶ ለእንግዳው ለቀቀ፤ እንግዳውም ሌላ ሲሶ ጨምሩልኝ አለ።

ከኤዱዊ መኳንንት አልምልም ያለው ዲቪኪያኩስ ሮም ሄዶ ተማጸነ። ሴኔቱ ኤዱዊን «ወንድሞቻችን» ይላቸው ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ61 ይጠበቁ ብሎ ወሰነ፣ ጦር ግን አልመጣም። ይባስ ብሎ በ59 አሪዮቪስቱስን «ንጉሥና ወዳጅ» አለው።

ቄሳር በ58 አገሩን ለቆ የሚሰደደውን የሄልቬቲን ነገድ ሲከታተል የሆነውን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ። የዲቪኪያኩስ ወንድም ዱምኖሪክስ የኬላውን ገቢ በርካሽ ይዞታል፤ በጨረታው እሱ ዋጋ ከጠራ ሌላው አፉን አይከፍትም። በገንዘቡ ፈረሰኛ ያኖራል፣ ሚስቱም የሄልቬቲ ልጅ ናት። ቄሳር ኤዱዊ ቃል የገባለትን እህል ሲጠይቅ መልሱ «እየተሰበሰበ ነው፣ እየተጫነ ነው፣ ሊደርስ ነው» ሆነ። ለወታደሩ ስንቅ የሚሰፈርበት ቀን ሲቃረብ የዓመቱ ሹም ሊስኩስ ጨነቀውና ዘረገፈው፦ እህሉን የሚያስቀሩት ሹመት ሳይኖራቸው ከሹም የበረቱ ሰዎች ናቸው። አስቡት፣ ቬርጎብሬት የሚባለው ሹም በሞት መፍረድ ይችላል፤ እህል ማስጫን ግን አቃተው። ክህደት ብላችሁ የምታሳጥሩት ይህን ነው።

በ52 ጋሊያ በሮም ላይ ስታምፅ ኤዱዊ ራሱ ከሮም ከድቶ የቄሳር ስንቅ የተከማቸባትን ኖቪዮዱኑምን አቃጠለ፣ ከእህሉ የቻለውን ያህል በጀልባ አሸሸ፣ የቀረውን በእሳትና በወንዝ አጠፋ። ወዲያው የአማፂው ጦር መሪነት ይገባኛል አለ! የጋሊያ ነገዶች ጉባኤ ግን እዚያው ቢብራክት ላይ አርቬርኒውን ቬርኪንጌቶሪክስን አጸና። ኤዱዊ ቢከፋም፣ ቬርኪንጌቶሪክስ በቄሳር ለተከበበባት ለአሌሲያ ከጥገኞቹ ነገዶች ጋር 35,000 ሰው ተመደበበት።

ዱምኖሪክስንስ የት ልትመድቡት ነው? በ54 ከቄሳር ጋር ወደ ብሪታንያ አልሻገርም ብሎ ሸሸ። የቄሳር ፈረሰኞች ደርሰው ሲገድሉት «ነጻ ነኝ፣ የነጻ አገር ሰው ነኝ» እያለ ይጮህ ነበር። ኬላውን በርካሽ የያዘው እሱው ነው።