ለአንድ ሰው የሚሆን ወንበር

ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ዋለ ከተባለ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ አበዳሪ ይፈልገዋል። "ጸጥታ ፈልጌ ነው" የሚል ምክንያት እኛ ሰፈር አይታወቅም። የአክስቴ ልጅ ግን ከአሜሪካ ይዞት መጣ።

የመጣው ለጥምቀት ነው። የሚኖረው ቨርሞንት በሚባል ብርዳም ግዛት ነው። የከተራ ዋዜማ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ሳለ ስልኩን አወጣና ቪዲዮ ያሳየን ጀመር። ተራራው ነጭ ነው። ዛፉ ነጭ ነው። መሃል ላይ ይሄ የእኛ ሰው እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጣውላ አስሮ፣ እጁን እያወራጨ ቁልቁል ይነጉዳል። ስኪ ይሉታል።

"ማነው የሚያባርረው?" አለች አንዷ ጎረቤት።

ማንም አያባርረውም። ከፍሎ ነው። ትኬት ቆርጦ ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ ታች ሲደርስ እንደገና ይወጣል። እስከ አስር ሰዓት እንዲህ ሆኖ ይውላል።

"ላይ ምን አለ? ገዳም ነው?" አለች አክስቴ እትየ።

"የለም እማየ።"

"ጠበል?"

"ምንም የለም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ወጣህ?"

"ለመውረድ።"

በረዶውም አልተዋጠላትም። እትየ ያደገችው ደንቢያ፣ ገበሬ ቤት ነው። እሷ የምታውቀው በረዶ የደረሰ ጤፍ አንድ ከሰዓት ውስጥ አስተኝቶ የሚሄደውን ነው። ልጇ "ዘንድሮ በረዶው ምን የመሰለ ነበር!" ሲላት ያየችውን አስተያየት ብታዩ! ሰው ልቅሶ ቤት ገብቶ ሲዘፍን የሚታየው እንዲያ ነው።

ቦታው ማድ ሪቨር ግሌን ይባላል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ መለወጥ አልፈለገም። አንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ሁለት እግር አድርጎ የሚንሸራተት ወጣት አይገባም፤ ክልክል ነው። "ደንብ ያለው ቦታ ነው" አሉ የእትየ ባለቤት ጋሼ፣ ወደውት። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቀጥለው የተራራውን ከፍታ ጠየቁ። ወደ 1,100 ሜትር ገደማ።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ጎንደር ከ2,100 በላይ ነው። እናንተ ተራራ ጫፍ ለመድረስ እኛ ከፒያሳ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል መቆፈር አለብን ማለት ነው።"

የቤቱ ክብር ወዲያው ከፍ አለ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑም ተነሳ። ከመካከላችን ተራራውን በአካል ያየ ሰው አልነበረም። በጠርሙስ ግን ሁላችንም በደንብ እንተዋወቃለን።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የፈረንጅ አመል ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር የመጣው በወንበሩ ነው። ሰው ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣው ሽቦ ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ነው። ሌላ ቦታ ወንበሩ ሁለትም አራትም ሰው ይይዛል። እዚህ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጥበት። ከጎንህ ማንም የለም። አየር ላይ ተንጠልጥለህ፣ እግርህን እያወዛወዝክ፣ ዝም ብለህ ትወጣለህ።

"ትርፍ አይጭንም?" አለ ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤት ልጅ። ጥያቄው ሙያዊ ነው። ለሦስት ሰው በተሠራች ባጃጅ አምስት ጭኖ ከማራኪ ፒያሳ የሚመላለስ ልጅ ነው።

ይባስ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ወንበሩ አርጅቶ ሲታደስ ለሁለት ሰው ማድረግ ይቻል ነበር። ባለቤቶቹ እንቢ አሉ። ባለቤቶቹ ደግሞ ራሳቸው ተንሸራታቾቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቦታውን የያዙት በህብረት ሥራ ማህበር ነው።

"ህብረት ሥራ" ሲባል ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። "ዘይት ይመጣላቸዋል?" አለች ያቺው ጎረቤት። ስኳርስ?

እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የገረመኝ። እድርም በለው ጽዋ ማህበር፣ እኛ ማህበር የምንገባው ለመሰባሰብ ነው። እነዚህ ሰዎች ስብሰባ ጠርተው፣ ተከራክረው፣ ገንዘብ አዋጥተው ያተረፉት ብቻቸውን የሚቀመጡበትን ወንበር ነው። ለካ ብቸኝነትም ኮሚቴ ይፈልጋል።

ጋሼ ግን ምክንያቱ ቶሎ ገባቸው። ወንበሩ አንድ አንድ ሰው ሲያወጣ፣ ላይ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው። መውረጃው አይጨናነቅም፤ በረዶውም ቶሎ አይገፈፍም። ቦታው ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው ማሽን በሚረጨው ሳይሆን ሰማይ በሰጠው በረዶ ነው። "የወል ግጦሽ ጉዳይ ነው" አሉ።

ያን ቀን ማታ ወንበሩን በሐሳቤ ከፒያሳ እስከ ጎሃ ተራራ ዘርግቼ አየሁት። ይህ ወንበር ቆሞ ሰው አይጠብቅም። እየዞረ ይመጣል፤ ከኋላህ ነካ ሲያደርግህ ትቀመጣለህ። እኛ ጋ ግን ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይገናኛሉ።

"ይግቡ ጋሼ።"

"ኧረ በማርያም! እርስዎ እያሉ?"

አንድ ወንበር ያልፋል።

"አይሆንም፣ በሞቴ ይቅደሙ!"

ሌላ ወንበር ያልፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ጎሃ ጫፍ ያለው ሠራተኛ ይደውላል፦ "ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ወንበር ነው የምትልኩልኝ። ሰው የለም እንዴ?" ሰውማ ሞልቷል። እየተገባበዘ ነው።

እንደምንም የተሳፈረውም ዝም ብሎ አይወጣም። ከፊቱ የተንጠለጠለው የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ አለበት። "ወንድሜ! አገርህ የት ነው?" "አዘዞ!" "አዘዞ የማን?" ከኋላ ያለችው ሴት ደግሞ እሷም አዘዞ ዘመድ አላት። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ዝምድናው ይገኛል። አንዳንዱ መርዶውን እዚያው አየር ላይ ይሰማል።

ብርድ መድፈሩንስ እኛም አናማም። ጥምቀት ጠዋት፣ ከቀሃ ወንዝ በተሞላው የፋሲል መዋኛ ውስጥ ጎረምሳው እየተወረወረ ሲገባ ማየት ነው። የጥር ውሃ ነው፤ አጥንት ይሰብራል። ልዩነቱ በሺህ ሰው እልልታ መሃል መሆኑ ነው። ያው ጎረምሳ በአዘቦት ማክሰኞ ብቻውን ቢዘል ዘመዶቹ ይጠራሉ።

ስልክ ሲጎረጉር የነበረው ባለባጃጁ ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ አገኘ። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ አገሩን ወክሏል፤ በክረምቱ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። የእሱ ውድድር ዳገቱንም ሜዳውንም በራስ ጉልበት የሚኬድበት ነው። "ዳገቱን በእግሩ ከወጣማ ሯጭ ነው" ተባለ። ስለዚህ የእኛ ነው፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

እትየ ግን ከልጇ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

"ምሳ ምን በላህ?"

"ከእንጨት የተሠራ አሮጌ ቤት አለ። እዚያ ሾርባ ጠጣሁ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አለች፣ ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለረከቦቱ። "በዚያ ቀን ከሰው ጋር አውርተሃል?"

"ትኬት የቆረጠችልኝን ልጅ ሰላም ብያታለሁ።"

እትየ ትንሽ ተስፋ አደረገች። "አግብታለች?"

"እማየ!"

"እሽ፣ እሷ ትቅር። እዚሁ ጨዋ ልጅ አይጠፋም። አግብተህ ሁለት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ።"

"ወንበሩ የአንድ ሰው ነው እኮ።"

"ባልና ሚስት ሲመጣስ እንዴት ያደርጋሉ?"

"አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ከኋላ ይከተላል። መንገድ ላይ አይነጋገሩም። ላይ ሲደርሱ ይገናኛሉ።"

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። "ታዲያ እኔና እናትህ አርባ ዓመት እንዴት የኖርን መሰለህ?"

በረካው ሲቀዳ እትየ የእሳቸውን ስኒ ዘላ አለፈች።