ሰባት ቤት በስልክ የሚቆጥሩ ሰዎች

አይስላንድ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። "እንዴት አይሞቱም?" አይሞቱም። እንዲያውም ሕፃናቸውን በጋሪ ጠቅልለው ካፌ በር ላይ ያስተኙና እነሱ ውስጥ ገብተው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ንጹሕ አየር ላይ የተኛ ልጅ ጤነኛ ይሆናል ባዮች ናቸው። የኛ እናቶች ይህን ቢያዩ መጀመሪያ ልጁን ያነሡታል፣ ቀጥሎ "ብርድ መታው!" ብለው ሰፈሩን ይጠራሉ፣ እናትየዋን ግን ዕድሜ ልኳን አይለቋትም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ስም አወጣጣቸው ቁርጥ የኛን ነው። አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የላቸውም። ስቴፋን ወንድ ከወለደ ልጁ ስቴፋንሶን ይባላል፣ ሴት ከወለደ ስቴፋንስዶቲር። ልጅቷ ስታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትቀራለች። የስልክ ማውጫ መጽሐፋቸው እንኳ በአባት ስም ሳይሆን በራስ ስም ነበር የሚደረደረው። ፕሬዚዳንቷን ሐላ ቶማስዶቲርን ሁሉም ሰው "ሐላ" ይላታል።

ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ያህል ነው ደስ የሚለው። ፎርሙ "የቤተሰብ ስም" ይላል። የአያቱን ስም ይጽፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሊኒኩም ባንኩም ነፍሳቸውን ይማርና አያትየውን "ሚስተር" እያለ ወረፋ ይጠራል። አየር ማረፊያ ላይ ደግሞ "ልጁ ያንተ ከሆነ ስማችሁ ለምን አይመሳሰልም?" አለ። የአይስላንዶቹ ግን ይብሳል። ባል፣ ሚስት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ አራት የተለያየ ስም ይዘው ነው ሰልፍ የሚቆሙት።

አገሩ ትንሽ ነው፤ ሕዝቡ አራት መቶ ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው፤ ችግር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ከአንዷ ጋር ቅዳሜ ማታ ይተዋወቃል፣ እሑድ የአያት ልደት ላይ ይገናኛሉ። ደግነቱ መዝገብ አላቸው። ኢስሌንዲንጋቦክ ይባላል፤ አንድ አይስላንዳዊ የዘር ሐረጉን ከፍቶ እስከ መጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች፣ ከሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ይህንኑ መዝገብ ስልክ ላይ አመጡት። ሁለቱ ሰዎች ስልካቸውን ያነካካሉ፣ ዘመዳሞች ከሆኑ ስልኩ ያስጠነቅቃል።

እኛ ጋ ይህ የአክስቶች ሥራ ነው። ሰባት ቤት ለመቁጠር ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም።

"የማን ልጅ ነው አልሽኝ?"

"የአቶ ተሰማ የልጅ ልጅ።"

"ተሰማ... የመንዙ ተሰማ? በይ ተይው! እናቱ እኮ የእማማ ወርቄ የእህት ልጅ ናት።"

አለቀ። አቦሉ እንኳ አልተቀዳም። ስልኩ ከአክስት የሚሻለው ዝምድናውን ነግሮ ዝም ማለቱ ነው። የልጁን ደመወዝ አይጠይቅም።

አይስላንዶቹ ወሬ የሚያወሩት ደግሞ ፍል ውሃ ውስጥ ነው። ከመሬት በሚወጣ ሙቀት የሚሞቅ የሕዝብ መዋኛ በየሰፈሩ አለ። በረዶ እየጣለ፣ 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ፖለቲካ ያወራሉ። የፓርላማ አባሉም ዓሣ አስጋሪውም እዚያው ናቸው፤ ሁሉም ጭንቅላት ብቻ ስለሆነ ማን ባለ ሱፍ እንደሆነ አይታወቅም። ከመግባትህ በፊት ግን ራቁትህን፣ በሳሙና፣ ሰው ፊት መታጠብ ግዴታ ነው። ግድግዳው ላይ የሰው ሥዕል አለ፤ ጭንቅላት፣ ብብት፣ ጉያና እግር በቀይ ተቀልሟል፤ በደንብ እሸው ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ ተቆጣጣሪም አለ። የውስጥ ሱሪውን ሳያወልቅ ሊያልፍ የሚሞክር እንግዳ ይመለሳል። ከነሱ ጋ ሐበሻዊ ጨዋነት አይሠራም።

ሕጋቸውም ግራ ያጋባል። እስከ መጋቢት 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ አረቄ ተፈቅዶ ቢራ የተከለከለበት አገር ነበር። እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ የመንግሥት ቴሌቪዥን አይሠራም ነበር። የተብላላ ሻርክም ይበላሉ። ትኩሱ መርዝ ስለሆነ ሳምንታት ያብላሉታል፣ ከዚያ ወራት ሰቅለው ያደርቁታል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እኔ እንኳ ምንም አልልም፤ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚበላ ሰው የሰው ገበታ ላይ ባይፈርድ ይሻላል።

ኮፓቮጉር በምትባል ከተማ አንድ መንገድ ቋጥኝ ጋ ሲደርስ ይጠብባል። ቋጥኙ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ስውራን ይኖራሉ ይባላል፤ መንገድ ሠሪዎቹ በመጨረሻ ትተውት አለፉ። ስውራኑ አሉ ብሎ የሚምል ብዙ አታገኝም። የሉም ብሎ ድማሚት የሚያጠምድም አታገኝም። አድባር ያለበትን ዛፍ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አያስፈልገውም።

ጥብቅ የሚሉት ግን ፈረስ ላይ ነው። ከአገር የወጣ ፈረስ፣ የራሳቸው ዘር ቢሆንም እንኳ፣ ተመልሶ አይገባም። በሽታ ያመጣል ብለው ያገለገለ ኮርቻ እንኳ አያስገቡም። አውሮፓ ሄዶ በዓለም ሻምፒዮና የተወዳደረ ፈረስ ዋንጫ ቢያገኝም እዚያው ይሸጣል፤ ጋላቢው ዋንጫውን ይዞ ብቻውን ይመለሳል። ፈረሱ ዲያስፖራ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ከኛ ዲያስፖራ የሚለየው፣ በየዓመቱ እየደወለ "ለከርሞ ጠቅልዬ እገባለሁ" አለማለቱ ብቻ ነው።