ዜናው የዘለለውን ተማሪው ይሙላው

የባዮሎጂ ፈተና ሲቃረብ አብዛኛው ተማሪ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ እንደገና ያነባል። ያሰመረበትን ደግሞ ያሰምራል። ከዚያ ይሸመድዳል። "የሳይንስ ዜናም አንብብበት" የሚል መካሪ ሲገኝ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ትምህርቱን ከኑሮ ጋር ያገናኝልሃል ይባላል። ምክሩን እቀበላለሁ። ምክንያቱ ግን አይዋጥልኝም። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ማን ስለ ኑሮ ያስባል? የሳይንስ ዜና ለክለሳ የሚጠቅመው ጎዶሎ ስለሆነ ነው።

ጋዜጠኛው ቦታ ያጥረዋል፤ አንባቢው እንዳይሰለችበትም ይሰጋል። ስለዚህ "እንዴት ሆነ?" የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈውና ወደ ታማሚው ታሪክ ወይም ወደ መድኃኒቱ ዋጋ ይሄዳል። ፈተና አውጪው የሚጠይቀው ግን ያንኑ የታለፈውን ነው።

አንድ ዜና እንውሰድ። በ2023 መጨረሻ ላይ መጀመሪያ እንግሊዝ፣ ከሳምንታት በኋላ አሜሪካ ካስጌቪ የተባለውን፣ ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ የሚሰጥ ሕክምና ፈቀዱ። ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ የሚሠራ ሕክምና ፈቃድ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። አጫጭር ዜናዎች ላይ ይህ ሁሉ "የታማሚው ጂን ተስተካከለ" በሚል አንድ ሐረግ ያልቃል። እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን ዘግቶ ወረቀት ማውጣት። የትኛው ጂን? የትኛው ሴል ውስጥ? ለምን እዚያ? የታከመው ሰው ሲወልድስ?

ሲክል ሴል የሚመጣው ቤታ ግሎቢን የሚባለው ጂን ላይ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ሲቀየር ነው። ጂ-ኤ-ጂ የነበረው ጂ-ቲ-ጂ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ፕሮቲኑ ላይ በስድስተኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲድ ወጥቶ ቫሊን ይገባል። የመጀመሪያው ከውሃ ጋር ይስማማል፣ ሁለተኛው ውሃ ይሸሻል። ኦክስጅን ሲያንስ ሄሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ረጅም ዘንግ ይሠራሉ፤ ቀይ የደም ሴሉም እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ይህን ያለ መጽሐፍ የጻፈ ተማሪ ሚውቴሽንን፣ የፕሮቲን ምርትንና የፕሮቲን ቅርጽን ከለሰ ማለት ነው።

ጉዳዩ ግን ገና ነው። ካስጌቪ ያንን የተሳሳተ ፊደል አያርመውም። ከተወለድን በኋላ የጽንሱ ሄሞግሎቢን ምርት እንዲቀንስ የሚያደርግ ሌላ ጂን አለ። ሕክምናው ያንን ጂን በቀይ የደም ሴል መስመር ውስጥ ያዳክመዋል፤ የጽንሱም ሄሞግሎቢን ተመልሶ ይመረታል። የጂን ቁጥጥር የሚባለው ምዕራፍ ይኸው። ቀይ የደም ሴል ራሱ ኒውክለስ ስለሌለው የሚቆረጥ ዲኤንኤ የለውም፤ ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ደም አመንጪ ስቴም ሴሎች ላይ ነው። የዘር ሴሎች አይነኩም። በመሆኑም ሁለቱም የቤታ ግሎቢን ቅጂዎቿ የሲክል ሴል የሆኑባት እናት ከታከመች በኋላ ከተሸካሚ አባት፣ ማለትም አንዱ ቅጂ ብቻ የሲክል ሴል ከሆነበት፣ ብትወልድ፣ የእያንዳንዱ ልጅ በበሽታው የመያዝ ዕድል ያው 50 በመቶ ነው። ከአንድ ዜና ይህን ያህል ከወጣ፣ አሥር ዜና መሰብሰብ ምን ያደርጋል?

"ጊዜ ይበላል" የሚሉ መምህራን አሉ። እውነት ነው፣ ዜናውን እያነበቡ ብቻ ማለፍ ጊዜ ይበላል። ደብተርን ደጋግሞ ማንበብም እንደዚያው ነው። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን መጽሐፍ ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ደግሞ ማንበብ የሚያታልለውም ለዚህ ነው፤ ያን ሰዓት የገባን ይመስለናል።

ርዕሰ ዜናዎችም መልካም ጥያቄ ይሆናሉ፣ በተለይ ሲሳሳቱ። "ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ተላመዱት" የሚል ርዕስ ስታዩ አርሙት። አንዷ ባክቴሪያ ተለማምዳ አትጠነክርም። አስቀድሞ ሚውቴሽኑ የነበራቸው ይተርፋሉ፣ ሌሎቹ ያልቃሉ፣ የተረፉት ይባዛሉ። ይህን እርማት በሦስት መስመር መጻፍ ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ ከሚወጡ ጥያቄዎች ብዙውን ይመልሳል። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ኮሎሳል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ የጠፋውን ዳየር ተኩላ መለስኩ አለ። የተሠራው የግራጫ ተኩላ ሴል ወስዶ 14 ጂኖች ላይ 20 ለውጥ ማድረግ ነበር። ታዲያ ግልገሎቹ ምን ዝርያ ናቸው? እኔ ግራጫ ተኩላ ናቸው እላለሁ። የሚስማማኝም የማይስማማኝም ተማሪ ግን "ዝርያ ምንድን ነው?" የሚለውን ሳይመልስ አያልፍም።

አንድ አደጋ አለ፣ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ዜና ከመማሪያ መጽሐፍ ይቀድማል። በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ አንድ የባሕር አልጌ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ከጊዜ በኋላ ናይትሮጅን የሚይዝ፣ ማለትም የአየሩን ናይትሮጅን ለሕይወት ወደሚጠቅም ውህድ የሚቀይር፣ የሴል አካል ወደመሆን መድረሱን አሳየ። ናይትሮፕላስት ብለውታል። ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት እንዲሁ ሌላ ሴል ውስጥ ከገቡ ባክቴሪያዎች እንዴት እንደመጡ ለመከለስ ከዚህ የተሻለ ዜና አላውቅም። ነገር ግን መጽሐፋችሁ "ናይትሮጅን የሚይዙት ባክቴሪያና አርኪያ ብቻ ናቸው" ካለና ጥያቄው የምርጫ ከሆነ፣ የመጽሐፉን መልስ ክበቡ። የማብራሪያ ጥያቄ ከሆነ ግን አዲሱን ጨምሩበት፤ የሚያርመው ሰው የሚቀየም አይመስለኝም።

ሁሉም ምዕራፍ በዜና አይከለስም። የማይቶሲስን ደረጃዎች ወይም የካልቪን ዑደትን ዜና ላይ የሚፈልግ ተማሪ ሲባዝን ይውላል። እነሱ ሥዕል ይፈልጋሉ፤ በእጅ ደጋግሞ መሣል ብቻ። ዜና የሚያዋጣው ለጄኔቲክስ፣ ለዝግመተ ለውጥ፣ ለበሽታ መከላከልና ለሙከራ አሠራር ነው። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። "ይህ ምግብ ካንሰር ይከላከላል" የሚል ዜና እንኳ ይረባል፤ ሙከራው በአይጥ ነው በሰው? ማነጻጸሪያ ቡድን ነበረው? ስንት ተሳታፊ?

መምህራንም "ዜናውን አሳጥራችሁ ጻፉ" የሚለውን የቤት ሥራ ቢተዉት ጥሩ ነው። ዜናው ቀድሞውንም አጥሯል። ከውስጡ የጎደለውን አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ ይዘዟቸው፤ ነጥቡም በዚያ ይሰጥ።