መረባችሁን ከጉማራ አፍ አንሡ

በጣና ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም የደራ፣ የፎገራና የደምቢያ ዓሣ አስጋሪዎች፣ የባሕር ዳር ነጋዴዎችና የሆቴል ባለቤቶች፣ አልሰማንም ማለት የማንችልበት ጊዜ ላይ ደርሰናልና ጆሯችሁን ስጡኝ። በባሕር ዳር ከተማ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። የማዕከሉ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ መጥተው ሐይቁን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ስለ ጣና ነጭ ዓሣ ማወቅ የሚገባንን ዋና ነገር ከነገሩን ሃያ ዓመት አልፏል።

ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው በእርግጥ አንድ ዓይነት አይደለም። በጣና ውስጥ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ተለይተው የታወቁ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ቢያንስ 7ቱ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ያቀናሉ። በመጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ በብዛት ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ከዚያም ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ባለበትና የጠራ ውኃ በሚፈስበት ገባር ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንደ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቶሎ የሚተኩ ዓሦች አይደሉም፤ ለመራባት እስኪደርሱ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እናንተ ግን መረባችሁን የምትጥሉት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እነርሱ በተሰበሰቡበት በዚያው በወንዙ አፍ ነው። የዘር እህሉን ቆልቶ የበላ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ማንን ሊወቅስ ይችላል?

አያቶቻችንም ያጠምዱ ነበር የሚል መልስ እንደምትሰጡ አውቃለሁ። አያቶቻችሁ በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ሳይርቁ ነበር የሚያጠምዱት፤ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በስፋት የገቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ክትትል፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በክብደት ሲለኩ በ75 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል። ይህ የሆነው በአሥር ዓመት ውስጥ ነው። በላይኛው ወንዝ ደግሞ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጣችሁ ውኃ ውስጥ የምትበትኑ አላችሁ፤ ብርብራ የሚፈለገውን ትልቁን ዓሣ ከማይፈለገው ጫጩት ለይቶ አይገድልም።

ይህ የማይሆን ስጋት የሚመስላችሁ ካላችሁ ወደ ፊሊፒንስ ተመልከቱ። ላናኦ የሚባለው ሐይቅ እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ የነጭ ዓሣ ዘመዶች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሦች፣ ከልክ ያለፈ ማጥመድና አጥፊ የማጥመጃ ዘዴዎች ተደማምረው፣ ከ17ቱ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ በ2013 ዓ.ም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ተመዘገበ።

በዳርቻው መሬት የምታርሱም ከዚህ ተጠያቂነት አታመልጡም። ውኃው ሲሸሽ ደንገሉን እየመነጠራችሁ ሽምብራና ጓያ በዘራችሁ ቁጥር፣ ከማሳ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራውንና ጫጩቶች የሚደበቁበትን ሥፍራ ታጠፋላችሁ። በ2004 ዓ.ም አካባቢ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የሚፋፋው በዚሁ ከማሳ ታጥቦ በሚገባው ማዳበሪያና ለም አፈር ነው። እምቦጭ ለመንቀል በዘመቻ መውጣታችን የሚያስመሰግን ነው፤ ፎቶግራፍም ያስነሣል። ደንገል ሳይነካ እንዲቀር መተው ግን ፎቶግራፍ ስለማያስነሣ ይመስለኛል ዘማች ያጣው።

የሚገዛ ከሌለ የሚያጠምድ አይኖርምና፣ ወቀሳው ከከተማው ሰው አይወርድም። ፍልሰታ የሚውለው ዓሦቹ ወንዝ በሚወጡበት በነሐሴ ነው፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ፤ ነገር ግን የምትበሉ ከሆነ፣ የሆቴል ባለቤቶችም የምታቀርቡ ከሆነ፣ በእነዚህ ወራት ነጭ ዓሣውን ትታችሁ ቆሮሶውን ወይም አምባዛውን መምረጥ ምን ያስቸግራችኋል? ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ከወንዝ አፍ ከሆነ መልሱት።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ክረምት አልፏል፤ የክልሉም አዋጅ አለ። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች፣ አዲስ ሕግ እስኪወጣ እንጠብቅ አትበሉን። በየወንዙ አፍ ከሐምሌ በፊት ከአስጋሪ ማኅበራቱ ጋር ተቀምጡ፤ መረብ የማይጣልበትን ቦታ በምልክት ለዩ፤ የሚጠብቁትንም ሰዎች ከአስጋሪዎቹ መካከል መርጣችሁ በእነዚያ አራት ወራት አበል ቁረጡላቸው፤ የምርምር ማዕከሉ ባለሙያዎችም የሚያዘውን ዓሣ መጠንና ዓይነት እየመዘገቡ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ጀልባና ነዳጅ አትከልክሏቸው።