የጎንደር ሸማኔ መደርደሪያው ላይ ቦታ አለው?

ጥር ሲቃረብ የጎንደር ገበያ ነጭ ይለብሳል። ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ሱቁ ሁሉ ቀሚስ፣ ነጠላና ኩታ ይሰቅላል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ነውና፣ ነጋዴውም ሸማኔውም ይህን ሰሞን በጉጉት ነው የሚጠብቁት። ከተሰቀለው ውስጥ ግን ብዙውን የሸማኔ እጅ አልነካውም። ጨርቁ በጥቅል ከውጭ የገባ ነው። ጥለቱ በማሽን የታተመ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ዋጋውም ከሸማኔው ሥራ በብዙ ያንሳል። አራት ልጅ ይዞ ለበዓል ልብስ የወጣ አባት የትኛውን እንደሚገዛ ለማወቅ አይከብድም።

ይህን የምጽፈው ያንን አባት ለመውቀስ አይደለም። «የሀገርህን ምርት ግዛ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ የሚወርደው ኪሱ በሳሳው ሰው ላይ ነው። የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ እንቅልፍ የነሳውን ሰው በሀገር ፍቅር መፈተን ተገቢ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰውዬው ሱቅ ከመግባቱ በፊት ያለው ነገር ነው። ዕቃውን መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ማን ነው? በምን ውል? ለአምራቹስ ገንዘቡን መቼ ይከፍላል? የሀገር ውስጥ ምርት የሚሞተውም የሚድነውም እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። የችርቻሮ ንግድ በሀገራችን ለረጅም ዘመን ለኢትዮጵያውያን የተከለለ ነበር። መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ግን የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተከልክለው የነበሩት 38 ዓይነት ዕቃዎችም እገዳው ተነሳላቸው። ስለዚህ የውጭ ዕቃ ተወደደ፤ በሩ ግን ተከፈተ። ትልልቆቹ የችርቻሮ ኩባንያዎች ቢመጡ መጀመሪያ የሚያርፉት አዲስ አበባ ነው። ወደ እኛ ይዘገያሉ። ዋጋቸው ግን አይዘገይም፤ የእኛ ነጋዴ ዕቃ የሚያመጣው ከመርካቶ ነውና።

ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መደብር ሲገዝፍ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የአሜሪካውን ዋልማርት ማየት ይጠቅማል። በ1962 እ.ኤ.አ. በአርካንሳስ ግዛት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የተከፈተ ሱቅ ነበር። በ1985 «የአሜሪካን ምርት እንግዛ» የሚል ዘመቻ ራሱ ጀመረ። በ1992 ግን የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በሱቆቹ ውስጥ «አሜሪካ የተሠራ» ከሚል ማስታወቂያ ሥር የባንግላዲሽ ልብስ ተሰቅሎ አሳዩ። ነገሩ የአንድ ሱቅ ቅጥፈት ብቻ አልነበረም። ይህን ያህል የሚገዛ ድርጅት አምራቹን በየዓመቱ «ዋጋ ቀንስ» ይለዋል። አምራቹ መጀመሪያ ከትርፉ ይቀንሳል። ቀጥሎ ከጨርቁና ከክሩ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ሲያልቅበት ፋብሪካውን ዘግቶ ሥራውን ጉልበት ወደሚረክስበት ሀገር ይልከዋል። ስመ ጥሩው የጂንስ አምራች ሊቫይስ በ2003 ለዋልማርት መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የቀሩትን የመጨረሻ የስፌት ፋብሪካዎቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሁሉንም በዋልማርት አላሳብብም፤ ስፌቱ ቀድሞም ከሀገሩ እየወጣ ነበር። ትልቁ ገዢ ግን ጉዞውን አፋጠነው።

ያ ከአሜሪካ የወጣ ስፌት እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉትን ልብሶች የያዘው ፒቪኤች መጣ። የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር እንደነበር የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም. ጽፈዋል። ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚሰፉ ሀገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደነበርም አመልክተዋል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች ወጣ። በወሩ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ተሰረዘች። ከየገጠሩ ሐዋሳ የገቡት ልጆች ከሥራ ተበተኑ። ያኔ በጣም የቆጨኝ አንድ ነገር ነው። እነዚያ ልጆች የሚሰፉትን ሸሚዝ ጎንደር ላይ ልግዛ የሚል ሰው ቢኖር እንኳ አያገኘውም። ሀገር ቤት አይሸጥማ። የራሱ ሀገር ገበያ የማያውቀውን ፋብሪካ፣ የውጭ ገዢው ፊቱን ባዞረበት ቀን የሚያነሳው የለም።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። የፈረንሳዩ ሱፐርማርኬት ካርፉር ናይሮቢ ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከፈተ፤ በፍጥነትም ተስፋፋ። በታኅሣሥ 2023 የሀገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን የካርፉርን ሱቆች የሚያስተዳድረውን ማጂድ አል ፉታይምን 1.1 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጣው። የተበደሉት ሁለት የሀገሬው አምራቾች ነበሩ፤ አንዱ የምግብ ዘይት፣ ሌላው ማር ያቀርባል። ጥፋቱ ከአቅራቢው ሒሳብ ላይ ያለ አግባብ የቅናሽ ገንዘብ መቁረጥና የሱቁን ወጪ በአቅራቢው ትከሻ ላይ መጫን ነው። ማሩ መደርደሪያ ላይ ነበር። ደንበኛውም የሀገሩን ማር እየገዛ ነበር። ገንዘቡ ግን ወደ ማር አቅራቢው በትክክል አልደረሰም። ኬንያ ሱቁን አልዘጋችም፤ ሕግ አውጥታ ሕጉን አስከበረች። እኔም ለሀገሬ የምመኘው ይህንኑ ነው።

ባለቤቱ የሀገር ልጅ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ናኩማት የኬንያውያን ነበር፤ በምሥራቅ አፍሪካ ስሙ የገነነ ሱፐርማርኬት። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲፈርስ ለአቅራቢዎቹ ያልከፈለው ዕዳ በቢሊዮን ሽልንግ ይቆጠር ነበር። ብዙ አነስተኛ አምራች አብሮት ወደቀ።

ጎንደር ውስጥ ይህን ለማየት ካርፉርን መጠበቅ አያስፈልግም። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ የሚሠሩ ወጣቶችን ጠይቋቸው። ለመሥሪያ ቤቶች ወንበርና ጠረጴዛ ሠርተው ያስረክባሉ። ክፍያው ለወራት ይጓተታል። ፊርማ ይቀራል ይባላል፤ በጀት አልተለቀቀም ይባላል። ጣውላውን ግን በጥሬ ገንዘብ ነው የገዙት፤ የሼድ ኪራዩም አይጠብቅም። በሚቀጥለው ጨረታ እነርሱ አይመጡም። አቅም ያለው አስመጪ ይመጣል፤ የመጠበቅ አቅም አለውና። ከዚያ «የሀገር ውስጥ አምራች አቅም የለውም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ይህ ያናድደኛል።

የሀገርህን ግዛ የሚለው ጥሪ በመጀመሪያ መነገር ያለበት ለእነዚህ ትልልቅ ገዢዎች ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጨረታ የሚገዛው አንሶላና ብርድ ልብስ የአንድ ሰፈር ሰው በዓመት ከሚገዛው ይበልጣል። ሆስፒታል አለ። ማረሚያ ቤት አለ። የፋሲልን ግንብ ሊያይ የመጣ እንግዳ የሚያርፍባቸው ሆቴሎች አሉ። እንግዳው ከአስጎብኚው ስለ ጎንደር ጥበብ ሲሰማ ውሎ ማታ ክፍሉ ሲገባ አልጋው፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ሁሉ የውጭ ነው። አዲስ ዓለም ላይ ሸማኔ አለ። ወለቃ ላይ ሸክላ ሠሪ ሴቶች አሉ። የሆቴሉ ባለቤት ከእነርሱ ጋር የዓመት ውል ቢዋዋል ለእርሱ ከበድ ያለ ወጪ አይደለም። ለእነርሱ ግን ክረምቱን የሚያሻግር ሥራ ነው።

ትልቅ ገዢ ሲያስብበት ምን እንደሚሆን በገብሱ አይተነዋል። ቢራ ፋብሪካዎቻችን ለዓመታት ብቅል በዶላር ያስገቡ ነበር። ዛሬ ጎንደር የብቅል ፋብሪካ አላት። አሰላ ላይ ቀድሞም ነበር፤ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ላይም ትልልቆቹ ተከፈቱ። የደጋ ገበሬ የተሻለ ዘር ተሰጥቶት፣ ገዢውን አውቆ መዝራት ጀመረ። ለዚህ ቢራ ጠጪውን የቀሰቀሰ ሰው አልነበረም። ፋብሪካው ራሱ ግዥውን አዞረ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ ልምጣ። የሀገር ውስጥ ምርት ግዙ ሲባል ሰው ፊቱን የሚያዞረው በከንቱ አይደለም። ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ ቀምሷል። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ገዝቷል። ወር ሳይሞላው ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ለልጁ ገዝቶ ልጁ እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ተመልሷል። እንዲህ የተታለለን ሰው ስለ ሀገር ፍቅር ማስተማር ድፍረት ነው። መድኃኒቱ ጥራት ነው፤ ይህም የሚቻል ለመሆኑ የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ምስክር ናቸው። በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ከሥራ ወጡ። የቀሩት የቻይናውን ጫማ ፈትተው አዩት፤ ሞዴሉን ቀዱ፤ አሠራራቸውን አሻሻሉ። ገበያውንም ከቻይናው ላይ መልሰው ያዙት። በእገዳ ብቻ ይህ አይመጣም ነበር።

ምልክት ማድረግም አለ። ዘይቱ «የሀገር ውስጥ ምርት» ተብሎ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውስጡ ያለው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በጥሬው የገባ ፓልም ነው፤ እዚህ ተጣርቶ ታሽጓል። ማሸጉም ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። ግን የመተማ ሰሊጥ በጥሬው ወደ ውጭ ሲጫን እያየን የሰሊጥና የኑግ ዘይት ጨምቆ የሚያቀርበውን ሰው ከዚያኛው ጋር በአንድ ስም መጥራት ልክ አይደለም። ምን ያህሉ እዚህ እንደተሠራ ማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። በሽመናውም እንዲሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ እንዲያ ይባል። የታተመውም የታተመ ተብሎ ይሸጥ። ሰው አቅሙን አይቶ ይመርጣል፤ ሸማኔውም ከማይመስለው ዕቃ ጋር በዋጋ ከመታገል ይድናል።

ሌላም የሚያምመኝ ነገር አለ፤ ከቻይናም ከዋልማርትም በፊት የነበረ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ከተማይቱ የባለሙያ መሰብሰቢያ ሆነች። ቤተ እስራኤል ግንበኛ፣ አናጢ፣ ብረት ሠሪና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሙስሊሞቹ ይሸምኑ፣ ይነግዱም ነበር። ከተማዋ በእነርሱ እጅ ቆማ እነርሱን ትንቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ አልን። ሸማኔውን ሰደብን፤ ቆዳ የሚያለፋውን ከማኅበር አገለልን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደረሱ። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል። ንቀቱ ግን በዋጋ ክርክር ውስጥ አለ። ለውጭ ጫማ የተጠየቀውን ከፍሎ የሚወጣ ሰው፣ ሳምንት ሙሉ የተፈተለና የተሸመነ ጋቢ ላይ ሲደርስ ግማሹን ካልቀነስክ ይላል። እናቶቻችን እንዝርት ይዘው ያደሩበትን ሥራ እንደ ነፃ ጉልበት እንቆጥረዋለን።

ጎንደር ሩቅ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለፉት የጦርነትና የግጭት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሱቆቹ መደርደሪያ ሲሳሳ፣ ዋጋ በአንድ ቀን ሲንር አይተናል። ሳሙናውም ዱቄቱም ከዚያ ማዶ ነው የሚመጣው። በእነዚያ ቀናት የሰፈሩ ባለሱቅ ነበር በደብተር ዱቤ እየጻፈ ቤተሰብ ያቆየው። ትልቅ መደብር ዱቤ አይጽፍም። ይህን የምለው ትልቁ አይምጣ ብዬ አይደለም። ንጹሕ፣ ዋጋው የተጻፈ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ሸማቹም ይገባዋል። ግን ሲመጣ ለአቅራቢ የሚከፍልበት ቀን በሕግ የተወሰነ ይሁን። ከአቅራቢው ሒሳብ በዘፈቀደ መቁረጥ ይከልከል። ጥፋት ሲገኝ የሚቀጣ፣ የኬንያውን ያህል ጉልበት ያለው ተቆጣጣሪ ይኑር።

እስከዚያው እኛ ዘንድ ሊጀመር የሚችል አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች የግዥ ዕቅዳቸውን ከዚያ በፊት ያወጣሉ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ጋቢው፣ የደንብ ልብሱ ለአንድ አስመጪ በሚመች ግዙፍ የጨረታ ጥቅል ከሚታሰር ለትናንሽ ማኅበራት በሚመጥን መጠን ይከፋፈል። ጨረታው ላይ ጥራቱ በዝርዝር ይጻፍ፤ ያላሟላ ይመለስበት። ያሟላ ደግሞ ዕቃውን ባስረከበ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ይውሰድ።